ፈረሱ ከጦር ሜዳ ሲመለስ

በሰውና በፈረስ መካከል ያለውን ቁርኝት የሚተርክ የታሪክ ልብ ወለድ እንደሚያስፈልገን ያስረዱበትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ ሐሳብዎን ብጋራም ፈረሱን በጦር ሜዳ ብቻ መወሰንዎ ግን አላሳመነኝም።

የምጽፈው ከደሴ ነው። ደሴን መናገሻቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል «አባ ሻንቆ» ይባሉ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ» እንደተባሉት ሁሉ። ጌታው ስሙን ለፈረሱ አላወረሰም፤ ይልቁንም እርሱ ራሱ በፈረሱ ስም ተጠራ። እንዲህ ያለ ዝምድና በእጁ ያለ ደራሲ፣ የወሎ ፈረሰኞች የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የዋሉትን ውሎና ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ የደረሰባቸውን ሽንፈት ሲተርክ፣ በባዶ እግር አውራ ጣት ብቻ የምትያዘዋን ትንሿን እርካብ ሳይቀር ሊያሳየን ይገባል።

ለእኔ ግን ታሪኩ ከውጊያው በኋላ ቢጀምር ይሻለኛል። ልጅ ሳለሁ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ባለጋሪ ጎረቤት ነበረን፤ ማታ ሲገባ፣ ስለ ራቱ ከመጠየቁ በፊት ልጓሙን አውልቆ የፈረሱን የአፍ ጥግ በጣቱ እየዳሰሰ ቁስል ይፈልግ ነበር። ፈረሱም ጋቢውን በአፍንጫው ይገፋለት ነበር (ገብስ ፍለጋ ይሁን ፍቅር፣ እስካሁን አልለየሁትም)። በዓድዋ ማግስት ምሽትም ይህንኑ ያደረገ ባልደራስ አይጠፋም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ሲናገር መስማት የምፈልገው እርሱን ነው።