«ሴቲንግ ውስጥ አለላችሁ» አትበሉን

እዚህ ጅማ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተሮቹን ሁሉ የኢንተርኔት መፈለጊያ ከጉግል ወደ አንዱ «የማይከታተል»፣ ማን ምን እንደፈለገ ወደማይመዘግብ፣ ቀየረ። እሰየው ብዬ ነበር። ያናደደኝ ከዚያ በኋላ የተባለው ነው። ሠራተኞቹ ፊደሉ ደቀቀብን፣ ማስታወቂያውና ውጤቱ ተቀላቀለብን ሲሉ የአይቲው ባለሙያ «ሁሉም ሴቲንግ ውስጥ አለ፣ ገብታችሁ አስተካክሉ፤ የሚያማርረው ያልለመደ ነው» ብሎ ዘጋው።

አለ እኮ! ከእነዚህ የማይከታተሉ መፈለጊያዎች አንዱ በሆነው ዳክዳክጎ ላይ ፊደል ማሳደግ፣ ቀለም መቀየር፣ ማስታወቂያውን ጭራሽ ማጥፋትም ይቻላል። ግን ያስተካከልከው ነገር የት ይቀመጣል? እንደ ጉግል አካውንት ከፍተህ አትገባም፣ ደግሞም የምንወደው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ብሮውዘሩ ላይ ይቀራል፣ ኩኪው (ድረ ገጹ ብሮውዘሩ ላይ የሚያስቀምጣት ትንሽ ማስታወሻ) ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ፈረንጅ አራዳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ። አጠገቤ ያለች ተማሪ መነጽሯን እያነሳች እየመለሰች ሴቲንጉን ፈልጋ አገኘችው፣ ፊደሉን አሳደገች፣ ተመቻት። ሰዓቷ አልቆ ስትነሳ ባለቤቱ እንደ ልማዱ ታሪኩንም ኩኪውንም ጠረገው። ደግ አደረገ፣ የእሷን ፍለጋ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ለምን ያያል? ነገ ስትመጣ ግን ፊደሉ ተመልሶ ጉንዳን ነው። በከፈለችበት ደቂቃ እንደገና ሴቲንግ ልትፈልግ!

ገመናው እንዲጠበቅለት ከሁሉ በላይ የሚፈልገው የጋራ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ሰው ነው። ሴቲንግ የማይበረክትለትም ይኸው ሰው ነው። ለእሱ ገጽ ማለት መጀመሪያ የሚከፈተው ብቻ ነው። እሱ ካልተመቸ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ምርጫህን ሊንክ ውስጥ ጠቅልለህ መያዝ ትችላለህ የሚሉም አሉ፣ ዳክዳክጎም፣ ሌላው የማይከታተል መፈለጊያ ስታርትፔጅም ይፈቅዳሉ። ታዲያ ልጅቷ ያን የሚያህል ሊንክ ደብተሯ ላይ ገልብጣ ትዙር?

«ትንንሽ ኩባንያዎች ናቸው፣ አትፍረዱባቸው» ደግሞ ይባላል። እኔ እንዲያውም የምፈርደው በዚህ ነው። የዳክዳክጎ ውጤት አብዛኛው ከማይክሮሶፍቱ መፈለጊያ ከቢንግ ነው፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ቢንግ ሲወድቅ አብሮ ወድቋል። ስታርትፔጅ ከጉግል ይቀዳል። ብሬቭ የሚባለውን መፈለጊያ ልተወው፣ የራሱ የድረ ገጾች ማውጫ አለው። እነዚህ ሁለቱ ግን ውጤቱን ከሰው እየወሰዱ ለእኛ የሚያቀርቡበት ገጽ እንኳ ካልተመቸ፣ የሠሩት ምኑን ነው?

የአይቲው ወንድማችን ያን ምርጫ የሚይዝ ሊንክ አንዴ አዘጋጅቶ የሁሉም ኮምፒውተር መነሻ ገጽ ማድረግ ይችላል። አንድ ከሰዓት ቢፈጅበት ነው። እሱን ሳያደርግ ሰው ተደብቆ ጉግል ሲከፍት ቢያይ «አልለመዱም» እንዳይለን።