ማስተካከያ፦ የፕሮስቴት ካንሰር ወደ ቆዳም ሊዛመት ይችላል
«የፕሮስቴት ካንሰር አጥንት እንጂ ቆዳ አይነካም፤ ብሽሽት ላይ የሚወጣው አልማዝ ባለጭራ ነው» የሚል መልእክት በጎጃም በቴሌግራም ሲዘዋወር ሰንብቷል። ስህተት ነው። በሕክምና መጽሔቶች የታተሙ የታማሚ ሪፖርቶች እንደሚያሳዩት፣ እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆንም ወደ ቆዳ ይዛመታል፤ በተለይ ወደ ታችኛው ሆድ፣ ብሽሽትና ጭን። የካንሰሩ እብጠት ጠጣር ነው፤ ብዙ ጊዜ አያምም። አልማዝ ባለጭራ ግን ያቃጥላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ2 እስከ 4 ሳምንት ይሽራል። ካንሰሩም አንዳንዴ እንደ አልማዝ ባለጭራ መስመር ይዞ ስለሚወጣ ሐኪምንም ያሳስታል። ስለዚህ ያልሻረ እብጠት በቅባት አይታለፍ፤ ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ (ናሙናን በማይክሮስኮፕ በሚያይ ላቦራቶሪ) ይመርመር። ናሙናው የሚላከው እንዳይበላሽ በሚያቆየው ፎርማሊን በተባለ ፈሳሽ ነው፤ በውኃ ከተላከ ይበላሻል። ፒኤስኤ የተባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራ ውጤት ዝቅ ማለቱም ብቻውን አያስተማምንም። መልእክቱን አምናችሁ አባታችሁን ቤት ያቆያችሁ፣ እባካችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሚከታተላቸው ሐኪም አሳዩአቸው።