መጀመሪያ ምጣዱ፣ ከዚያ ግድግዳው

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሥራዬ የኩሽና ካቢኔት መግጠም ነው። አብዛኛው ሥራዬ ዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ቤቶች ውስጥ ነው። ባለፈው ጥቅምት ግን ሸናንዶዋ ሸለቆ፣ ተራራ ሥር ወዳለች አንዲት የግንድ ቤት ተጠራሁ። ኬቢን ይሏታል። የቤቷ ባለቤት ጡረታ የወጡ ሴት መምህር ናቸው። ኩሽናዋን እንደ አዲስ ሊያሠሩ ፈልገው ነው የጠሩኝ።

እንደ ልማዴ ሜትሬን አውጥቼ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። "ቆይ" አሉኝ። ወደ ጓዳ ገብተው አራት ጥቁር የብረት ዕቃዎች አንድ በአንድ እያመጡ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ትልቅ መጥበሻ፣ ትንሽ መጥበሻ፣ ክዳኑ የሚከብድ ድስት፣ አንድ ጠፍጣፋ ብረት ምጣድ። ትልቁ መጥበሻ የአያታቸው ነበር። "መጀመሪያ እነዚህን ለካ። ግድግዳው ይደርሳል" አሉኝ።

በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ደንበኛ ሲጠራኝ መጀመሪያ የሚያወራኝ ስለ ቀለም ነው፤ ከዚያ ስለ እጀታ፣ ከዚያ ስለ መብራት። ምን እንደሚያበስል የሚነግረኝ ጥቂት ነው። ድስቱን አምጥቶ ለካ ያለኝ ግን ከእሳቸው በፊት አልነበረም።

ካስት አይረን የሚሉት ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው። ከባድ ነው። 12 ኢንች የሚባለው፣ 30 ሴንቲ ግድም ስፋት ያለው መጥበሻ ባዶውን ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ቀስ ብሎ ይሞቃል። አንዴ ከሞቀ ግን ሙቀቱን አይለቅም፤ ሥጋ ሲጣልበት እንደ ስስ መጥበሻ ቶሎ አይበርድም። ጠላቱ ውኃ ነው። ተዘፍዝፎ ካደረ ይዝጋል። ስለዚህ ታጥቦ ወዲያው እሳት ላይ ይደርቃል፣ ዘይት በስሱ ይቀባል፣ ይቀመጣል። ቴኔሲ ውስጥ ሳውዝ ፒትስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ሎጅ የሚባለው ፋብሪካ ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንኑ ይሠራል። አድዋ ላይ በተዋጋንበት ዓመት ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ዕቃ ቶሎ ይጣላል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው። ይህን መጥበሻ ግን አይጥሉትም፤ ለልጅ ልጅ ያወርሱታል።

ኩሽናዋን የሠራነው በእነዚያ አራት ዕቃዎች ልክ ነው። ከትከሻ በላይ ምንም ከባድ ነገር አይቀመጥም አልን። አራት ኪሎ ብረት በአንድ እጅ ከላይ ማውረድ ለእጅ አንጓም ለራስ ቅልም አደጋ ነው። ድስቱ ከወገብ በታች፣ ከባድ ሚዛን በሚችል ተንሸራታች መሳቢያ ውስጥ ገባ። መጥበሻዎቹ ግንዱ ላይ በተመታ ወፍራም ማንጠልጠያ ተሰቀሉ። እንደ ከተማ ቤት በጂፕሰም ሰሌዳ ላይ ቢሰቀሉ ኖሮ ግድግዳውን ይዘው ይመጡ ነበር። ግንድም ቢሆን የራሱ ጠባይ አለው። አዲስ ግንድ እየደረቀ ሲሄድ ይኮማተራል፣ ግድግዳው ዝቅ ይላል። ስለዚህ በአዲስ የግንድ ቤት ካቢኔቱ ወደ ላይና ወደ ታች ቦታ በሚሰጥ ረዘም ያለ ቀዳዳ ነው የሚታሰረው፤ ካልሆነ ይሰነጠቃል። የእሳቸው ቤት ግንድ ግን ከቆመ ዘመን አልፎታል፣ ተረጋግቷል።

ከምድጃው ግራና ቀኝ ድንጋይ አነጠፍን። የጋለ ብረት ይዞ "የት ላስቀምጠው" እያሉ መዞር የለም። የእንጨት ምድጃው ከግንዱ ግድግዳ 36 ኢንች፣ 91 ሴንቲ ያህል መራቅ አለበት። ቦታው አልበቃንም። ስለዚህ ከግድግዳው አንድ ኢንች ያህል ፈቀቅ ያለ የቆርቆሮ መከለያ አቆምን፤ በመሃሉ አየር ስለሚያልፍ ግንዱ አይግልም፣ ርቀቱንም መቀነስ ይቻላል። የጢስ መሳቢያው ደግሞ ጢሱን በቱቦ ከቤት ያስወጣል። አጣርቶ መልሶ ቤት ውስጥ የሚለቀው ዓይነት እዚያ አይረባም።

ሥራው ሲያልቅ ሴትየዋ መጥበሻውን እንዴት እንደሚያሰናዱ አሳዩኝ። ካኖላ ዘይት በጨርቅ ጠብ አደረጉ። አሹት፣ አሹት፣ መልሰው ጠረጉት። ዘይት የተቀባ እስከማይመስል ድረስ። ከዚያ በጋለ ኦቨን ውስጥ ደፍተው አንድ ሰዓት ተዉት። ዘይቱ በሙቀት ተለውጦ ከብረቱ ጋር የሚጣበቅ ጠንካራ ስስ ሽፋን ይሆናል። ምግብ የማይዘው ለዚህ ነው።

እኔ እጃቸውን እያየሁ እናቴን አየሁ። ይሄ እኮ ማሟሸት ነው! አዲስ ምጣድ ሲገዛ እናቴ ጎመን ዘር ደቁሳ በጋለው ሸክላ ላይ ትነሰንሳለች። በማሰሻ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር እያዞረች ታሰዋለች። መጀመሪያ ይጨሳል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ ከዚያ ያብለጨልጫል። የካኖላ ዘይት የሚወጣው ከጎመን ዘራችን የቅርብ ዘመድ ነው። ውቅያኖስ የሚለያያቸው ሁለት ሴቶች፣ ሸክላና ብረት ይዘው፣ በአንድ ዓይነት ፍሬ ቅባት አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ። በአሮጌው ዘመን ደግሞ እነዚህ ተራሮች ላይ ድስቱ ራሱ ሦስት እግር ነበረው፤ ፍም ላይ ይቆማል። እኛ ዘንድ ሦስቱ እግር ጉልቻ ነው።

ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። አገር ቤት ስገባ አንድ ዘመዴ ያሠራውን ቤት አየሁ። ውብ ቤት ነው። ሳሎኑ ትልቅ፣ ከሳሎኑ ጋር የተያያዘ ኩሽናም አለው፤ ግራናይት፣ የሚያብረቀርቅ ካቢኔት፣ ሁሉ ነገር። እንጀራው ግን እዚያ አይጋገርም። ከሰርቪስ ቤቶቹ ጀርባ ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነች ክፍል አለች። መስኮት የላትም። ጣሪያዋ ጥቀርሻ አንጠልጥሏል። የኤሌክትሪክ ምጣድ አላቸው፤ መብራት ሲጠፋ ግን ወደዚያች ክፍል ነው የሚሄዱት። የምትጋግረው ልጅ ዱካ ላይ ተቀምጣ ጎንበስ ብላ በአንድ እጇ አክንባሎ ታነሳለች፣ በሌላው ዓይኗን ትጠርጋለች። አብሬያት አሥር ደቂቃ መቆም አቃተኝ። እሷ ሦስት ሰዓት ትቆያለች።

የዓለም ጤና ድርጅት ቤት ውስጥ በሚፈጠር የማብሰያ ጢስ ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ቁጥሩን ሳነብ የልጅቷ ዓይን ነው የሚታየኝ።

በእርግጥ ነገሩን እኩል አድርጌ ማወዳደር አልፈልግም። መምህሯ እንጨት የሚያነዱት ወደው ነው፤ ሲሰለቻቸው ጋዝ አላቸው። እኛ ዘንድ ማገዶ የግድ ነው። ገንዘቡም አንድ አይደለም። ግን ያ ዘመዴ ገንዘብ አላጣም። የግራናይቱ ዋጋ ሩብ ያህሉ ለምጣዱ ክፍል ቢውል ጢስ ማውጫ፣ መስኮትና የሚታጠብ ወለል ይበቃው ነበር። ከአሸዋና ከሲሚንቶ የሚሠራው፣ "ምርጥ" የሚባለው ምድጃም አገር ውስጥ አለ። እሳቱን ስለሚከልል ከጉልቻ ጋር ሲወዳደር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ኮሚናል የሚባለው የጋራ ቤት ሲሠራ ቢያንስ "እንጀራ የት ይጋገራል?" ተብሎ ታስቧል። ባለ ቪላዎቹ ይህን ጥያቄ ለምን እንደማይጠይቁ አይገባኝም።

እኛም እዚህ ያለነው ከዚህ አልዳንም። የአሜሪካ ምድጃ 30 ኢንች፣ 76 ሴንቲ ስፋት ነው። የአገራችን ምጣድ ብቻውን ወደ 60 ሴንቲ ይሆናል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ለኖርዌይ ቂጣ ተብሎ የተሠራውን 16 ኢንች የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝተን፣ እንፋሎቱ የጢስ ደወል እንዳያስጮህ ጋራዥ ውስጥ እንጋግራለን። ክረምት ላይ ካፖርት ለብሳ ጋራዥ ውስጥ የምትጋግር የአገሬ ልጅ ቤት ካቢኔት ገጥሜ ወጥቻለሁ። የገጠምኩት ለስኒዎቿ ነበር። ምጣዱን የት እንደምታስቀምጥ አልጠየቅኳትም። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

አሁን ወንድሜ ባሕር ዳር ለእናታችን ቤት እያሠራ ነው። ፕላኑን በቴሌግራም ላከልኝ። ሳሎን፣ ሦስት መኝታ፣ ኩሽና። ማድ ቤቱ ከጀርባ፣ ሁለት በሁለት፣ ያለ መስኮት።

ደወልኩለት። "አርክቴክቱን ለጊዜው ተወው። ምጣዱን ከነአክንባሎው ለካ" አልኩት። "እማዬ ቆማ ክንዷን እንድታጥፍ አድርግና ከመሬት እስከ ክርኗም ለካ።"

ዝም አለ። ከዚያ ሲጠራት ሰማሁ። "እማዬ፣ እስኪ አንዴ ቁሚ።"

"ምን ልትሰፉልኝ ነው?" አለች ከወዲያ።

"ማድ ቤት" አላት።

ምጣዱ 58 ሴንቲ ነው። ክርኗ 97 ላይ ይደርሳል። ምድጃው ከክርኗ አንድ ስንዝር ዝቅ እንዲል፣ ማሰሻውና ጎመን ዘሩ በቀኝ እጇ እንዲሆኑ፣ ሰፌዱ በግራ እንዲሰቀል፣ ጢስ ማውጫው ከጣሪያው በላይ ሜትር እንዲዘልቅ አድርጌ ሥዬ ላክሁለት። መስኮቱ በየትኛው በኩል ይሁን ብሎ ጠየቀኝ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እማዬን ጠይቃት አልኩት።