ክብር የተሸከሙ ዓምዶች

ድሬዳዋ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ጎረቤቱ ዓይን ነው፤ ጣሪያና ግድግዳ ኋላ ይደርሳሉ። የኛ ሰፈሩ ጋሼም የቤታቸው ልስን ሳያልቅ ደጃፋቸው ላይ አራት የግሪክ ዓምዶች አቆሙ። አናታቸው የጂፕሰም ቅጠል ተጠምጥሞበታል፤ እግራቸው ወርቅማ ቀለም ተቀብቷል። አንዱን በጣቴ ኳ ኳ ባደርገው ውስጡ ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ እነዚህ ምን ተሸክመው ነው?» አልኳቸው።

«ክብሬን» አሉኝ፤ ጥርሳቸው ሳይገለጥ።

ይህን ኒው ዮርክ ውስጥ ቢያደርጉት ኖሮ ፖስትሞደርኒስት፣ ማለት የጥንቱን ጌጥ ሕንጻ ላይ መልሶ የሚያመጣ አርክቴክት፣ ተብለው መጽሔት ላይ ይወጡ ነበር። ከፖስትሞደርኒዝም በፊት ሞደርኒዝም የሚባል ቆፍጣና ነበረ። የቪየናው አርክቴክት አዶልፍ ሎስ ጌጥን ከወንጀል ቆጠረ፤ ለ ኮርቡዚየ ቤት መኖሪያ ማሽን ነው አለ፤ ሚስ ቫን ደር ሮኸ ደግሞ «ማሳነስ ማብዛት ነው» የሚለውን መፈክሩ አደረገ። እንግዳ ተቀብለው የሚያውቁ ሰዎች አይመስሉም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 አሜሪካዊው ሮበርት ቬንቹሪ «ማሳነስስ ያሰለቻል» ብሎ መለሰላቸው።

ከዚያ ሞት መጣ። ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ ፕሩት አይጎ የሚባሉ በሞደርኒዝም ስልት የተሠሩ 33 የመኖሪያ ሕንጻዎች በ1972 በድማሚት መፍረስ ሲጀምሩ፣ ቻርልስ ጄንክስ የተባለ ጸሐፊ ሞደርን ኪነ ሕንጻ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 8 ቀን፣ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ከ32 ላይ ሞተ ሲል ጻፈ። ደቂቃውን እንኳ አልዘለለም፤ ለእድር ጸሐፊነት የሚታጭ ሰው ነው። ችግሩ በዚያች ደቂቃ እዚህ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው፤ ከተማው ተኝቷል። መርዶው እስከ ዛሬ አልደረሰንም።

ባይሆንማ ኖሮ በዚህ ሙቀት መስታወት ለብሶ የሚቆም ሕንጻ ባላየን። ከዋናው መንገድ ዳር አንድ አለ፤ ፊቱን ለምዕራብ ፀሐይ ሰጥቶ ተገትሯል። ተከራዮቹ መጀመሪያ መጋረጃ ሰቀሉ። መጋረጃው አልበቃ ሲል ጋዜጣ ለጠፉ፤ ጋዜጣው ሲነጣ ካርቶን ደገሙበት። አሁን ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ቀን በቀን መብራት ይበራል፤ መብራቱ ስለሚያሞቅ ደግሞ ቬንትሌተር ይዞራል። ዘበኛው ብቻ ብልህ ነው፤ ወንበሩን ይዞ ማዶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሕንጻውን ከሩቅ ይጠብቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ባቡሩን ይዘው የመጡት ፈረንሳዮች የከተማችንን ከዚራ ሰፈር ሲቀይሱ ዛፉንም በረንዳውንም አልረሱም ነበር። እኛ ግን በረንዳ የድሮ ሰው ነገር ነው ብለን ተውነው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። በፖስትሞደርኒስቶቹ ፈረንጆችና በእሳቸው መካከል ያለው ልዩነት ሳቅ ነው። አሜሪካዊው አርክቴክት ፊሊፕ ጆንሰን ለረጅም ዘመን የሞደርኒዝም ደቀ መዝሙር ነበር፤ ለራሱ የሠራው መኖሪያ እንኳ ግድግዳው መስታወት ነው። ኋላ ግን ከድቶ፣ በ1984 ኒው ዮርክ ውስጥ ተሠርቶ ላለቀው የስልክ ኩባንያ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ የጥንት ቁም ሣጥን የመሰለ አናት ደፋለት። ሲቀልድ ነው፤ መቀለዱንም ያውቃል፤ ያየውም ሰው ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ ተቆጣ። ጋሼ ግን አይቀልዱም። ልጆች ዓምዶቹን ተደግፈው ሲጫወቱ ቢያዩ «ይወድቃል!» እያሉ በከዘራ ያባርራሉ። የቤት ዓምድ ልጅ የማይደገፈው እኛ ሰፈር ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የጆንሰንን ታሪክ አንድ ከሰዓት በርጫ ላይ አጫወትኳቸው፤ ይስቃሉ ብዬ ነበር። ጋሼ ጫታቸውን ይዘው ዝም ብለው አዳመጡና «ቁም ሣጥኑ ስንት ሜትር ይሆናል?» አሉኝ።

በማግስቱ ጂፕሰም ሠሪው ሜትር ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ።