ለክቡር የአዳማ የንጋት ንፋስ

ጉዳዩ፦ የሥራ ቦታዎን ለቀው ጉልበቴ ላይ ስለመገኘትዎ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ሹመት ያዳብር! ከሞጆ ወደ አዳማ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ ኮረብታው ላይ የተተከሉልዎትን ማማዎች እያየ አፉን ይይዛል። በአዳማ አንድ የንፋስ ኃይል ማመንጫ 34፣ በአዳማ ሁለት 102፣ በድምሩ 136 ተርባይን፤ 204 ሜጋ ዋት። በጋ ገብቶ ወንዙ ሲሳሳ ደግሞ እርስዎ ይበረታሉ። እንዲህ ያለ ታታሪ ሠራተኛ እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የለም።

ታዲያ 136 ማማ ተሰጥቶዎት ሳለ፣ በታኅሣሥ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወንጂ መንገድ ላይ የእኔን ሁለት ጉልበት ፍለጋ ምን አመጣዎት? እኔ ተርባይን አይደለሁም። ቢነፉብኝ እንቀጠቀጣለሁ እንጂ አልዞርም፤ መንቀጥቀጤም ለአንድ አምፖል አይበቃም።

ከወንጂ አዳማ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታክሲ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ምኑም አይደል። ለሞተረኛ ግን እርስዎ ከፊት ለፊት እየመጡ፣ ሸንኮራው ግራና ቀኝ በአዋሽ ውኃ ርሶ እያለ... ይተዉት። ደግሞ ሞተሯም ታውቅዎታለች። ቾኳን ስቤ ስረግጣት ትስልና ትጠፋለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ በእኔ እርግጫ ነው የሚነቃው።

አለባበሴን ልንገርዎት። ጃኬቴን የምለብሰው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሬ ነው። ዚፑን ከኋላ የምትዘጋልኝ ባለቤቴ ናት፤ አዳማ ስደርስ የሚከፍትልኝ የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ነው። እሱ ሻይ ሊጠጣ ወጣ ካለ፣ ያንኑ እንደለበስኩ ባለጉዳይ አስተናግዳለሁ። ከጃኬቱ ሥር ድሮ ጋዜጣ ነበር የማደርገው፤ ትኩስ ዜና የሚሉትንም ደረቴ ላይ ፈትኜዋለሁ፣ አያሞቅም። አሁን ጋዜጣው ራሱ ስለጠፋ በፓስታ ካርቶን ተክቼዋለሁ። እጄ ላይ የሱፍ ጓንት አለ፤ እርስዎ በሱፍ ውስጥ እንደ ዘመድ ቤት ሰተት ብለው ስለሚገቡ ከላዩ ፌስታል ደርቤበታለሁ። ይህ ሁሉ ሆኖ ማርሽ ልቀይር ስል፣ ፍሪሲዮን ላይ ያሉት ጣቶቼ ትእዛዝ አይቀበሉም።

የሄልሜቴን መስታወት ካወረድኩት በትንፋሼ ይሸፈንብኛል፤ ካነሳሁት እንባዬ ይወርዳል። አንድ ቀን መንገድ ዳር የቆሙ እናት አይተውኝ «እግዜር ያጽናህ ልጄ» ብለውኛል። አሜን ብዬ አለፍኩ፤ ምን ልበል?

በዚህ ላይ ሂሳቡም አለ። አየሩ 10 ዲግሪ ቢሆን፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚጋልብ ሰው ገላ 5 ዲግሪ ያህል ሆኖ ነው የሚሰማው። ይህ እንግዲህ እርስዎ ሳይጨመሩበት ነው። ፍጥነት ልቀንስ ብል የፊርማ ሰዓት ያልፍብኛል። ሰማዩ ጥርት ስላለ መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን መልሶ ወደ ላይ እንደሚሰድ አውቃለሁ፤ በዚያ አልከስዎትም። የምከስዎት ከካርቶኑ ሥር ያጠራቀምኳትን ያችን ትንሽ ሙቀት እየጠረጉ ስለሚወስዱብኝ ነው። ጊዜውም የነቢያት ጾም ነው፤ ቅቤ የለ፣ ቅቅል የለ፣ በሹሮ ነው የምፋለምዎት።

እንደ ምንም ቢሮ ገብቼ ሻይ ላፍላ ስል መብራት የለም። የኮረብታው 204 ሜጋ ዋት የት እንደሚሄድ ባልጠይቅም፣ ከእኔ ጉልበት የወሰዱት እንኳ ለአንድ ማንቆርቆሪያ ይመለስልኝ።

ደግሞስ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ካርቶኑ በላብ ርሶ ደረቴ ላይ ሲለጠፍ፣ የት ነው የሚገቡት? ብቅ ካሉም አቧራ ይዘው ነው።

ማታ ወደ ወንጂ ስመለስ ከኋላ ሆነው እንደሚገፉኝ አልክድም። የቤንዚን ሰልፉን ላየ ሰው ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ስለዚህ የምጠይቅዎት ውለታዎን በፈረቃ እንዲያደርጉልኝ ብቻ ነው፦ ጠዋት ከኋላ፣ ማታ ፀሐይ ስላለ ከፈለጉ ከፊት። ፈረቃ ለዚህ ከተማ አዲስ ነገር አይደለም።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የወንጂ ሞተረኛ

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ
ለዘበኛው (ከፊርማ ሰዓት በፊት ሻይ እንዳይወጣ)
ለመተሐራ ሙቀት (ትርፍ ካለዎት ከጅቡቲ በሚመጣ ተሳቢ ጭነው ይላኩልን፤ የማውረጃውን እኛ እንከፍላለን)