የተማሪ ዘመቻና የጥበቃ ደሞዝ

ሜሪላንድ የምንኖር ሐበሾች ዩኒቨርሲቲ ሲነሳ ትዝ የሚለን ክፍያው ነው። ልጁ ምን እንደሚማር ባናውቅም በስንት ብር እንደሚማር እናውቃለን። እኔ ሰሞኑን ያሰብኩት ተማሪዎቹ ከግቢ ወጥተው ከሰፈር ሰው ጋር ስለሚሠሩት የአካባቢ ጥበቃ ሥራ ነው። እዚህና አገር ቤት ያለውን ሳስተያይ፣ በየግብዣው «ውጭ አገር የተሻለ ነው፣ ተሞክሮ እናካፍላቸው» እያልን ከምናወራው ጋር አልገጠመልኝም።

ከዚህኛው ልጀምር። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከ2014 ጀምሮ (የአሜሪካኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፓልስ የሚባል ፕሮግራም አለው። አንድ ከተማ ወይም ካውንቲ ችግሮቹን ዘርዝሮ ይመጣል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጎርፍ መንገዳችንን ይይዘዋል፣ ይህ ባዶ ቦታ ምን ይሁን፣ ዛፍ የሌለው ሰፈራችን በሰመር ተቃጠለ ይላል። ዩኒቨርሲቲው ጥያቄዎቹን ለሚመለከታቸው ኮርሶች ያከፋፍላል። ተማሪው ሴሚስተሩን ሙሉ እሱን ሲሠራ ይቆይና ውጤቱን ለከተማው ሰዎች ያቀርባል። ማርኩንም የሚያገኘው በዚያው ነው። ከተማው ደግሞ ይከፍላል። ይቺን ልብ በሏት፤ ገንዘብ ያወጣ ሰው ሪፖርቱን ገልጦ ማየቱ አይቀርም። በዚህ መንገድ ቀድሞ የጀመረው የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በ2009።

የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የኮሌጅ ፓርክ ግቢ ራሱ ያለው አናኮስቲያ ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ ነው። ግቢው ውስጥ የሚያልፈው ጅረት መጨረሻው እዚያ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁም አታመልጡም። ዳሩን ይዛችሁ ወክ የምታደርጉበት ስላይጎ ክሪክ እዚያው ይገባል። ከመኪናችን የሚንጠባጠበው ዘይት፣ ፓርኪንግ ላይ የጣልነው የቡና ስኒ፣ ዝናብ ሲዘንብ በጎርፍ መውረጃው አድርጎ ጅረት፣ ከጅረት አናኮስቲያ፣ ከዚያ ፖቶማክ ይደርሳል። አናኮስቲያ ለረጅም ዘመን የዋሽንግተን ዲሲ ቆሻሻ መድፊያ ሆኖ ኖሯል። ዲሲ ውስጥ ወንዝ መዋኘት የተከለከለው በ1971 ነው።

ዲሲ ሱቅ የነበራችሁ ደግሞ የ2010ን ጃንዋሪ አትረሷትም። ፌስታል 5 ሳንቲም የገባባት ወር ናት። ደንበኛው ሃያ ዶላር ዕቃ ገዝቶ ስለ 5 ሳንቲም ይጨቃጨቅ ነበር። ያ ሕግ ከሰማይ አልወረደም። ወንዙን ለማዳን በ1989 የተቋቋመ ማኅበር አለ። በየጊዜው በጎ ፈቃደኛ፣ ተማሪውንም ጨምሮ፣ እያስተባበረ ቆሻሻ ያስለቅማል። የተለቀመውም ዝም ብሎ አይጣልም፤ ይለያል፣ ይቆጠራል። ወደ ወንዙ በሚገቡት ጅረቶች ላይ በተደረገ ጥናት ፌስታል ከዋነኞቹ ቆሻሻዎች አንዱ ሆኖ ተገኘ። ምክር ቤቱ በ2009 ሕጉን ሲያወጣ ይህ መረጃ በእጁ ነበር። ከ5ቱ ሳንቲም አንዷ ለባለሱቁ ትቀራለች፣ ሌላው ወንዙን ለማጽዳት ይውላል። ቅዳሜ ወጥቶ ቆሻሻ መልቀም እኛም አገር አለ። የተለቀመውን ቆጥሮ የሚመዘግብ፣ ቁጥሩንም ይዞ ምክር ቤት ደጅ የሚቆም ነው ያነሰን።

ታዲያ እዚህ ያለው ሁሉ ወርቅ አይምሰላችሁ። ከወንዙ በስተምሥራቅ ያሉት ሰፈሮች በአብዛኛው የጥቁሮች ናቸው፣ ኑሮውም ከበድ ያለ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተወልዶ ያደገው እዚያ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ፎርም የያዘ ተማሪ በራቸውን ሲያንኳኳ ያስታውሳል። ተመልሶ መጥቶ ውጤቱ ይህ ሆነ ያላቸውን ግን አያስታውስም። አሁን ደግሞ ሌላ ስጋት አለባቸው። ወንዙ ሲጸዳና መናፈሻው ሲያምር የቤት ኪራይ ይወደድና እኛ እንወጣለን ይላሉ። ይህን ጥያቄ የአንድ ሴሚስተር ተማሪ አይመልሰውም።

ወደ አገር ቤት ልሻገር። የተማሪ ጉልበት ጎድሎን አያውቅም። የ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውንና መምህሩን በአስር ሺዎች ገጠር አስገብቶታል። ስለ ዘመቻው የሚወራው ብዙ ስለሆነ እሱን እዚህ አልነካካም። እምቦጭ የሚባለው አረም የጣናን ሐይቅ ሲወርር ተማሪው ውሃ ውስጥ ገብቶ ነቅሏል። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ ከኦሮሚያ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» (ጣና የኛ ነው) ብለው ያን ሁሉ መንገድ ሄደው አብረው ነቀሉ። እምቦጭ ግን ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ዘማቹ ከተመለሰ በኋላ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ተፋጥጦ የሚገኘው የሐይቁ ዳር ገበሬና ዓሣ አስጋሪው ነው።

ችግኝ ላይ ያለው ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። ተከላው በክረምት ነው። ከ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ወዲህማ ሐምሌ የተከላ ወር ሆኗል። ሐምሌ ግን ብዙ ተማሪ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ቤተሰቡ የሚሄድበት ወቅት ነው። ችግኙ የሚሞተው ደግሞ በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ውሃ ሲጠፋና ከብት በየሜዳው ሲለቀቅ ነው። ያኔ የተከለው ልጅ ሚድ ፈተና ላይ ነው። ወይም ተመርቆ አዲስ አበባ ሥራ እየፈለገ ነው።

የእህቴ ልጅ ከአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ነው የተመረቀችው። ስለ ችግኝ ተከላቸው ስጠይቃት ሳቀችብኝ። «ጋሼ፣ ጉድጓዱን እኮ የቆፈረው የሰፈሩ ሰው ነው። ቆፍረው ጠበቁን። እኛ ተከልን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ዳቦና ለስላሳ ተሰጠን፣ ሾፌሩ ቶሎ በሉ አለን።» አንዳንዱ ልጅ ፕላስቲኩን ሳያወልቅ እንደ ተከለም ነገረችኝ። በዓመቱ ሌላ ባች እዚያው ቦታ ላይ ሲተክል፣ ያለፈው ስንቱ ጸደቀ ብሎ የጠየቀ የለም። ብቻ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «ልጆቼ፣ ከብቱስ የት ይዋል ብላችሁ ነው?» አሏቸው። ቦታው የመንደሩ ግጦሽ ነበር ለካ። ልጆቹ መልስ አልነበራቸውም። እንዲኖራቸውም አልተላኩም። ችግኙን ማን እንደበላው መገመት አያቅታችሁም።

ይህን ስሰማ «ውጭ አገር እኮ እንዲህ አይደለም» ልል አሰኘኝ፤ ዳያስፖራ አይደለሁ! ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም ጅማ አለ። ኦሪገን በ2009 ሲጀምር ጅማ በዚህ ሥራ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎት ነበር። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1983 (ይህም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ሲመሠረት ትምህርቱን በማኅበረሰብ ውስጥ ለመስጠት ብሎ ነው የተነሳው። ተማሪው በቡድን ሆኖ ቀበሌ ይወርዳል። ቤት ለቤት እየዞረ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ሽንት ቤት እንዳለ፣ ቆሻሻው የት እንደሚደፋ ይጠይቃል። ከዚያ ከነዋሪው ጋር ቁጭ ብሎ የቱ ችግር ይቅደም ይላል፣ ዕቅድ ያወጣል፣ ወደ ሥራ ይገባል። ምንጭ ማጎልበት፣ ሽንት ቤት ማስቆፈር የዚህ ትምህርት አካል ነው። ማርክም አለው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን አሠራሩ ከጤና ውጪ ወዳሉ ትምህርቶችም ተዛመተ።

ጎንደር ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሕዝብ ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ በአንድ ቡድን ሠልጥነው በየጤና ጣቢያው ገቡ። የድሮ ሰዎች ሳኒታሪያን ሲባል ያውቁታል፤ ጉድጓድህን ክደን፣ ምንጩን እጠር እያለ መንደር ለመንደር የሚዞረው ነው። እና እኛ ለእነሱ ተሞክሮ የምናካፍለው በምን አፋችን ነው?

የከፍተኛ ትምህርት አዋጁም፣ ቁጥር 1152/2011 ዓ.ም.፣ የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጎን አስቀምጦታል። ወረቀቱ አለ፣ ልምዱም አለ።

የሚያሳስበኝ ተማሪው ከሄደ በኋላ ያለው ነው። ጅማ ከተማን አቋርጦ የሚያልፈው አዌቱ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ ይዞ ቦዬ ረግረግ ይገባል። በአካባቢው የእሸት ቡና ማጠቢያዎች ደግሞ ፍሳሻቸውን ወደ ጅረት ይለቃሉ። ይህ በደንብ ተጠንቷል፣ ያውም በራሳቸው በጅማ ምሁራን። ግን አብዛኛው ጥናት የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የቡና ማጠቢያው ባለቤት፣ ከታች በኩል ውሃ የምትቀዳው እናት፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ውጤቱን በአፋን ኦሮሞ አንድ ገጽ ቢያገኙት ብዬ እመኛለሁ። ሜሪላንድ ላይ ከተማው ከፍሎ ስላሠራ ሪፖርቱ የሱ ነው። ቀበሌ የመክፈል አቅም የለውም፤ ስለዚህ ሪፖርቱ የሱ የሚሆንበት ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት።

ሌላ መንገድ እንዳለ ደግሞ ደቡብ ጎንደር ላይ ታይቷል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠኑ የደን ሳይንስ ባለሙያ ናቸው። በየሜዳው መሐል እንደ ደሴት የቀሩት የአገር ዛፎች ያሉት በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ እነሱንም ከብት እየገባ፣ እርሻው እየገፋ ያሳሳቸዋል። ዶክተሩ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎማን ጋር ሆነው ከካህናቱ ጋር መከሩ። በአንዳንድ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተሠራ። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው። ስለዚህ ደኑ ሲታጠር እርሻውም ከድንጋይ ጸዳ። ከብት መግባት ሲያቆም ከዛፎቹ ሥር አዲስ ችግኝ በራሱ መብቀል ጀመረ። ፈረንጅዋ ወደ አገሯ ብትመለስ፣ ተመራማሪው ሌላ ቦታ ቢሄድ፣ ቄሱና ምእመኑ እዚያው ናቸው። ካቡ ቢናድ ነገ ጠዋት የሚያየው አለ።

አሁን ወደራሳችን ልምጣ። በየክረምቱ አንድ የዳያስፖራ ማኅበር ተሰብስቦ ለአገር ቤት ተማሪዎች ችግኝ ተከላ ገንዘብ ያዋጣል። የገንዘቡ ዝርዝር ሲመጣ ቲሸርት፣ ባነር፣ ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ ችግኝ ይላል። እኔ ባለሁበት ማኅበር ዘንድሮ ስብሰባ ላይ የጥበቃ ደሞዝ የት አለ ብዬ ጠየቅሁ። ገንዘብ ያዡ «ጥበቃ ፎቶ አይነሳም እኮ» አለ፣ እየቀለደ። አንዷ እኅታችን ግን ቀልዱን አልወደደችውም። ከጥር እስከ መጋቢት ውሃ የሚያጠጡ የመንደሩ ሁለት ወጣቶች ስንት ብር ይበቃቸዋል ብላ እዚያው ስልክ ደወለች። ከብቱ የት እንደሚውልም ጠየቀች። የመጣው ቁጥር ከቲሸርቱ ያንሳል። ቲሸርቱ ይሰረዝ ወይስ አይሰረዝ የሚለው ግን አሁንም ቫይበር ግሩፑ ላይ እያጨቃጨቀን ነው።