ግልባጭ፦ ለግል ማህደር

ርዕሰ መምህራችን በቃል መነጋገር አይወዱም። የሚወዱት ደብዳቤ ነው። አንድ መምህር ሁለት ደቂቃ ቢዘገይ፣ ጠራ አድርገው "ምነው ቲቸር፣ ደህና አደርክ?" አይሉም። ጸሐፊዋን ጠርተው ያስጽፋሉ። "ጉዳዩ፦ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት።" ከታች ክብ ማህተም፣ ከዚያ "ግልባጭ፦ ለወረዳው ትምህርት ጽህፈት ቤት፣ ለግል ማህደር"። ወረቀት ጠፍቶ ፈተና ሰሌዳ ላይ የምንጽፍ ሰዎች ነን። ለማስጠንቀቂያ ግን ወረቀት ጠፍቶ አያውቅም።

ጠዋት ደግሞ ቀይ መስመር አለ። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን የፊርማው መዝገብ ላይ ይሰመራል። ከመስመሩ በታች የፈረመ እንደቀረ ይቆጠራል። የታክሲ ሰልፍ፣ የታመመ ልጅ፣ ዝናብ የሚባል ነገር አይሰራም። ሮጦ ከመስመሩ በላይ ፈርሞ፣ ስታፍ ሩም ቁጭ ብሎ ላቡን ጠርጎ፣ ክፍል ሃያ ደቂቃ አርፍዶ የሚገባ አለ። እሱ በሪፖርት ሰዓት አክባሪ ነው።

ስታፍ ሩሙ ድሮ የሳቅ ቤት ነበር። አሁን ስለ ደመወዝ አንድ ነገር ከተናገርክ ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ወሬው ቢሮ ይደርሳል። አድራሹን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሂሳብ ስለሚከፍልልን ዝም እንላለን። ስለዚህ የቀረን ወሬ የእንግሊዝ ኳስ ነው። እሱም በጥንቃቄ፤ ርዕሰ መምህሩ የአርሴናል ደጋፊ ናቸው። የማንቸስተር ደጋፊ የነበረው ባልደረባችን ዘንድሮ "አርሴናልም እኮ አይከፋም" ማለት ጀምሯል። አይፈረድበትም። ወደ ከፍተኛ መምህርነት የሚያድግበት ጊዜ ደርሷል፣ የሥራ አፈጻጸም ነጥቡን የሚሞሉት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ግምገማው ግን ለብቻው ነው። "አምስት ደቂቃ ናት" ተብሎ ይጠራል፣ ምሳ ሰዓት ያልፋል። ልምድ ያለው መምህር ለግለ ሂስ ጉዳት የሌለው ድክመት አዘጋጅቶ ይመጣል። "የሳምንቱን እቅድ በሰማያዊ ፋንታ በጥቁር እስክሪብቶ ጽፌያለሁ።" ይመዘገባል። አንዲት አዲስ የተመደበች መምህርት ግን የዋህ ናትና "ክፍሌ ውስጥ 80 ተማሪ አለ፣ ደብተር አርሜ መጨረስ አልቻልኩም" አለች። "ችግሩን ውጫዊ አታድርጊ" ተባለች። ደብዳቤዋ በማግስቱ ደረሳት። ተራው የርዕሰ መምህሩ ሲሆን እኛም አንምራቸውም። "እርስዎ ለጤናዎ አያስቡም! እረፍት አያውቁም! ይህን ድክመት በአስቸኳይ ያርሙ!" አንገታቸውን ደፍተው ይቀበላሉ።

በ2015 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ እኛም ጋ ስብሰባ ተጠራ። ጥፋተኛው ሳይፈለግ ተገኘ፤ መምህሩ ነው። በዓመቱ ቁጥሩ ወደ 5.4 ከፍ ሲል ግን "በአመራሩ ቁርጠኝነት" ተባለ።

እውነቱን ለመናገር እሳቸውንም የሚያስጨንቃቸው አለ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከወረዳ በቴሌግራም "ሪፖርቱ ጠዋት ይድረሰን" ይባላሉ። የተቀበሉትን ቁጣ ወደ እኛ ያወርዱታል፣ እኛም፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ ወደ ተማሪው። በመሀል ግማሻችን የጨጓራ፣ ግማሻችን የደም ግፊት ደንበኛ ሆነናል። የፊዚክስ መምህራችን ሥራውን ለቆ ባጃጅ ይነዳል። "ገቢው ይሻላል?" ብዬ ጠየቅሁት። "ተሳፋሪ አይገመግመኝም" አለኝ።

ሰሞኑን ከወረዳ አዲስ ቅጽ መጣ። "የመምህራን የሥራ ተነሳሽነት በመቶኛ" ይላል። ርዕሰ መምህሩ ማንንም ሳይጠይቁ 97 ብለው ሞሉት። መቶ ቢሞላ ያጠራጥራል አሉ። ወረዳው በጣም ተደሰተ፣ ምርጥ ተሞክሮ ብሎም መረጠን። ሐሙስ ከአጎራባች ትምህርት ቤቶች ልምድ የሚቀስሙ መምህራን ይመጣሉ። ሁላችንም ፈገግ ብለን እንድንጠብቃቸው በማስታወቂያ ተነግሮናል። ለሻይና ለዳቦው ከየደመወዛችን 50 ብር ይቆረጣል።